የመኪና ክሪክ

የመኪና ክሪክ አንድን ተሽከርካሪ ወይም የተሽከርካሪውን አንድ ጎን ከመሬት ከፍ ለማድረግ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ጃክ» የሚለው መጠሪያም አልፎ አልፎ ይሰማል። ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው። የተነሳውን መኪና ሰው ሥሩ ገብቶ እስኪጨርስ ድረስ ተሸክሞ ለመቆየት አልተሠራም፤ ለዚህ የብረት መደገፊያ የሚባል ሌላ ዕቃ አለ። የሁለቱን ሥራ አለመለየት መኪና በሰው ላይ እንዲወድቅ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው።

አሠራር

ክሪኮች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው በብሎን ነው፤ መኪናው ውስጥ ከመለዋወጫ ጎማው (ስኮርታ) ጋር የሚመጣው፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋው ክሪክ የዚህ ዓይነት ነው። ብሎኑ ሲዞር ክንዶቹ ይቀራረባሉ፣ መኪናውም ከፍ ይላል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ብሎኑ በራሱ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይከለክለዋል።

ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራው ሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል ይላል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሕግ የሚሠራ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አገኘ። ለምሳሌ የትንሹ ፒስተን ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የትልቁ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ትንሹን በ50 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጫን ሰው በትልቁ 1,000 ኪሎ ግራም ያነሳል። ይህ በነጻ አይገኝም፤ ትልቁ ፒስተን 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ በድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። እጀታው ደጋግሞ የሚረገጠው ለዚህ ነው።

የተነሳውን ክብደት የሚይዘው ዘይቱ እንዳይመለስ የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭና የፒስተኑ የጎማ ማኅተም ነው። በቫልቩ መቀመጫ ላይ ቅንጣት ቆሻሻ ከገባ ወይም ማኅተሙ ካረጀ መኪናው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ቀስ አይልም። ዘይት ሲጎድል የፍሬን ዘይት መጨመርም ማኅተሙን ያበላሻል፤ አብዛኛው የፍሬን ዘይት ለሌላ ዓይነት ጎማ የተሠራ ስለሆነ የክሪኩን ማኅተም ያሳብጠዋል። የሚጨመረው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

ምርጫ

በክሪኩ ላይ የተጻፈው ቶን ከፍተኛው አቅም ነው። ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውን አንድ ማዕዘን ወይም የፊቱን አለዚያም የኋላውን ብቻ ስለሚያነሳ የመኪናውን ሙሉ ክብደት አይሸከምም። 1,300 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝን ኮሮላ 2 ቶን የተጻፈበት ይበቃል፤ ከ2 ቶን በላይ ለሚመዝን ላንድክሩዘር 3 ቶን ይሻላል። ዕቃ እንደተጫነ የሚነሳ መኪና ግን የጭነቱም ክብደት ይታሰብለታል።

ከአቅሙ እኩል የሚታየው መሬቱ ነው። በትናንሽ ጎማዎች የሚንከባለለው ሃይድሮሊክ ክሪክ ዝቅተኛና ለአጠቃቀም ምቹ ነው፤ የሚፈልገው ግን ሊሾ ወይም አስፋልት ነው። ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ቀስት ዞሮ ስለሚወጣ፣ ክሪኩ በጎማዎቹ ትንሽ ወደ መኪናው መንከባለል አለበት። አፈር ላይ ወይም ኮብል ድንጋይ ላይ ጎማዎቹ ይያዛሉ፤ ያን ጊዜ መንቀሳቀስ ያቃተው ክሪክ በምትኩ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ግቢው አፈር ለሆነ ሰው ጠርሙስ የሚመስለው ቋሚ ክሪክ ሰፊና ወፍራም ሳንቃ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። የዚህኛው ጉድለት ቁመቱና ጠባብ እግሩ ነው። ለሚኒባስና ለአይሱዙ ይመቻል፣ ዝቅ ያለ የቤት መኪና ሥር ግን ብዙ ጊዜ አይገባም።

መኪናን በቤት ማንሳት

ቁልቁለት ላይ መኪና አይነሳም። የእጅ ፍሬን ተይዞና ማርሽ ገብቶ (በአውቶማቲክ «ፒ» ላይ ተደርጎ) የማይነሱት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል። ብዙ ሰው ፍሬኑን ከያዘ ታኮውን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። ነገር ግን የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የኋላው ሙሉ በሙሉ ከተነሳ ፍሬኑ የሚይዘው በአየር ላይ ያለ ጎማ ይሆናል። ማርሹም ቢሆን እምነት አይጣልበትም። እንደ ብዙዎቹ ሚኒባሶችና ፒካፖች የኋላ ጎማው በሚነዳ መኪና አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሳ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሳው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላው እንዲዞሩ ይፈቅዳል፤ ማርሹ እንደገባ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። የጭነት መኪና ረዳቶች ታኮ ይዘው የሚዘሉት በከንቱ አይደለም።

የጎማው ብሎኖች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ በትንሹ ይላላሉ፤ ከተነሳ በኋላ በኃይል መታገል መኪናውን ከክሪኩ ሊጥለው ይችላል። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተመለከተ ሲሆን፣ በብዙ የቤት መኪኖች ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ በተጠናከረ ቦታ ይገኛል። በዘይት መያዣው ወይም በወለሉ ስስ ቆርቆሮ ላይ ክሪክ አይደረግም።

መኪናው ከፍ ካለ በኋላ መደገፊያው ጠንካራ በሆነው የሻንሲ ክፍል ሥር ይገባል፣ ክሪኩም ቀስ ተብሎ ይለቀቅና ክብደቱ መደገፊያው ላይ ያርፋል። ሰው ሥሩ ከመግባቱ በፊት መኪናው ከጎን በእጅ ገፋ ተደርጎ ይፈተሻል፤ መውደቁ ካልቀረ ያን ጊዜ ቢወድቅ ይሻላል። የወለቀውን ጎማ ከሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ወጪ የሌለው ተጨማሪ መከላከያ ነው። ብሎኬት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ በትንሽ ቦታ ላይ የሚያርፍን ክብደት አይችልም፤ ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈርሳል። የድንጋይ ክምርም ከእሱ አይሻልም።

መደገፊያውም መመርመር አለበት። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ መደብር 3 እና 6 ቶን የተጻፈባቸውን መደገፊያዎች ከገበያ ሰብስቧል፤ ጥርሱን የሚይዘው ብረት ተንሸራቶ መደገፊያው ሳይታሰብ ሊወርድ ይችል ነበር። በምትክነት ከቀረቡት ውስጥም አንዳንዶቹ በብየዳ ጉድለት ተመልሰዋል። በጥርስ ፋንታ ዘንጉን ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ወፍራም ፒን የሚይዙት ዓይነቶች አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ በዓይን ለመፈተሽ ይመቻሉ።

ቋሚ ማንሻ

ሙሉ መኪናን ወደ ላይ የሚያወጣ ማንሻ በዋናነት የጋራዥ ዕቃ ነው። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ግን በቤት ጋራዥ የሚተክሉትም አሉ። ባለ ሁለት ምሰሶው መኪናውን በሻንሲው ስለሚይዝ አራቱም ጎማዎች ነጻ ይሆናሉ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለት ምሰሶዎች ስለሆኑ ግን አምራቾች ደህና የረጋና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይጠይቃሉ። ባለ አራት ምሰሶው መኪናው በጎማው የሚቆምበት በመሆኑ ይበልጥ የተረጋጋ ነው፤ ጎማ ለመፍታት ግን ተጨማሪ ክሪክ ይፈልጋል። በሁለቱም ሥራ የሚጀመረው ሜካኒካዊ መቆለፊያው ከያዘ በኋላ ነው። ዘይት ለመቀየር ብቻ ከሆነ መወጣጫ ወይም የጋራዥ ጉድጓድ ይበቃል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ግን ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በዚያ ላይ እሳት ወይም ብልጭታ አደገኛ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ አገሪቱ ገብተዋል። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የወለሉን ሥር በሙሉ ይይዛል። ክሪኩ ከተወሰነለት ነጥብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ የሚያርፈው ባትሪው ሽፋን ላይ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳ ባትሪ ደግሞ ቆይቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ክብደታቸውም በመልክ ከሚገመተው በላይ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ወደ 2 ቶን ስለሚመዝን ለትንሽ የቤት መኪና የተገዛ ቀላል ክሪክ ላይበቃው ይችላል። በአየር ሞላ የሚቆሙ አንዳንድ መኪኖችም ከፍታቸውን በራሳቸው እንዳያስተካክሉ ከመነሳታቸው በፊት በስክሪናቸው ላይ የክሪክ ሁነታ መብራት አለበት።