ምልክቱ ቢጠፋ ውሉ አይፈርስም

እንስራ ባዶ የሚሆነው ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ ለዓይን በማይታይ ስንጥቅ ጠብ ጠብ እያለም ውኃው ያልቃል። የቤት ገንዘብም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በዋሺንግተን አካባቢ ሰው በመኪና እያመላለሱ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ አንድ አባት የደረሰባቸው ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የመኪናቸው የፍጥነት መለኪያ በተበላሸ ጊዜ፣ እኒህ ሰው ፍጥነትን የሚያሳይ አንድ መተግበሪያ በስልካቸው ላይ ጫኑ። መተግበሪያው ሦስት ቀን በነጻ ካሞከረ በኋላ በየሳምንቱ 5 ዶላር የሚያስከፍል ነበረ። መኪናው በተጠገነ ጊዜ ምልክቱን ከስልካቸው ላይ አጠፉና ነገሩን ረሱት።

ከአራት ወር በኋላ፣ በሀገር ቤት ላሉት እናታቸው ለመድኃኒት የሚልኩት ገንዘብ ጎደለባቸው። ባለቤታቸውንም «ገንዘብ አያያዝሽ ተበላሽቷል» ብለው ተቆጡ። ወይዘሮዋ አዝነው ዝም አሉ። በማግሥቱ ልጃቸው የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ብትመረምር 17 ጊዜ የተቆረጠ፣ በድምሩ 85 ዶላር የሆነ ክፍያ አገኘች። «አባባ፣ ጥፋቱ የእማማ አይደለም። እርስዎ ያጠፉት ምልክቱን ነው እንጂ ክፍያውን አልሰረዙትም» አለቻቸው። አባትየውም በልጃቸው ፊት ባለቤታቸውን ይቅርታ ጠየቁ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። የክፍያው ውል ያለው በስልኩ ላይ ሳይሆን መተግበሪያው በተገዛበት መደብር፣ በገዢው አካውንት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአይፎን ባለቤት የሆነ ሰው «ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍቶ፣ ከላይ የተጻፈውን የራሱን ስም ይነካል፤ ቀጥሎም «ሰብስክሪፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ መተግበሪያውን መርጦ ይሰርዛል። አንድሮይድ ስልክ ያለው ደግሞ ጉግል ፕሌይን ከፍቶ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን የራሱን ምስል ነክቶ፣ ስለ ክፍያና ስለ ሰብስክሪፕሽን በሚናገረው ክፍል ውስጥ ያገኘዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ያጣው እንደ ሆነ፣ በሌላ አካውንት ገዝቶት እንዳይሆን ይመርምር። የነጻ ሙከራም ቢሆን ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ መሰረዝ ይበጃል። የተቆረጠውን ገንዘብ ለማስመለስ መደብሩን መጠየቅ ይቻላል፤ መመለሱ ግን እርግጥ አይደለም።

ደግሞም ይህን ማወቅ ይገባል። እንዲህ ያለ መተግበሪያ ፍጥነትን የሚለካው ጂፒኤስ ከተባሉት ሳተላይቶች በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ይህንም የአሜሪካ መንግሥት ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ጉግል ማፕስና ዌዝ የተባሉትም መንገድ እየመሩ ፍጥነትን ያለ ክፍያ ያሳያሉ። እንግዲህ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ብልህነት ነው።

አባወራና እመቤት ከልጆቻቸው ጋራ በወር አንድ ቀን ተቀምጠው የባንኩን መግለጫ በየመስመሩ ቢያነቡት መልካም ነው። 85 ዶላር ሠርተው ይተኩታል፤ ያለ ጥፋቷ የተወቀሰች ሚስት ያዘነችው ኀዘን ግን በዶላር አይተካም። ስለዚህ ገንዘብ በጎደለ ጊዜ ሰውን ከመጠርጠር አስቀድሞ ሒሳቡን መመርመር ይገባል።