የጎማ ትልቅነትና የመኪና ፍጥነት

ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናውን 188 ሳንቲ ሜትር ያህል ያራምደዋል። በባለ 66 ሳንቲ ሜትር ጎማ ቢለወጥ ግን እርምጃው 207 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ የሞተሩ ዙርና ማርሹ ሳይለወጡ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ሲጨምር ጎማው መንገዱን የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ነጂውም ማርሽ ለመቀነስ ይገደዳል። ሞተሩ የነፋሱን ግፊት ለማሸነፍ አቅም ካነሰው ከፍተኛው ፍጥነት እንኳ አይጨምርም።

ደግሞም ይህን አስተውሉ፤ የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው ዙርን ነው። በትንሹ ጎማ ልክ የተሠራው መለኪያ 80 ሲያሳይ መኪናው በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ነጂው ይህን ሳያውቅ መታጠፊያ ላይ ቢደርስ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም የጎማውን ልክ የሚለውጥ ሁሉ መለኪያውንም ያስተካክል።