ኅዳር ሲታጠን ምን እናጢስ?

ኅዳር 12 ቀን ከአየር ጤና እስከ ቀራኒዮ የኮልፌን ሰፈሮች ጭስ ይሸፍናቸዋል። ግቢ ይጠረጋል፣ ጥራጊው በየደጁ ይከመራል፣ ክብሪት ይጫራል። ልጅዎ «ለምንድን ነው የምናቃጥለው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል?

ሞት በየቤቱ የገባበት ወር

ታሪኩ ወደ 1911 ዓ.ም. ይወስደናል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባንም አልማራትም። የበረታው በኅዳር ስለነበር ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ሐኪሙ ጥቂት ነበር፤ ፈዋሽ መድኃኒትም አልነበረም። በከተማዋ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ ሬሳ ሳይቀበር እንደዋለ፣ ጅብም እንደተዳፈረ አዛውንት ሲተርኩ ኖረዋል።

በዚያ ጭንቅ ሰው የሚያውቀውን መከላከያ ያዘ፤ ቆሻሻን ማስወገድና ማጠን። የወተት ዕቃ በወይራ፣ ቤት በከርቤ፣ ቤተ መቅደስ በዕጣን ሲታጠን ላደገ ሕዝብ ጭስ የንጽሕና ምልክት ነው። ቀኑም የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል የሚውልበት ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ልማድ አለ። የጥንት አየርላንዳውያን የክረምታቸውን መግቢያ እሳት አንድደው ይቀበሉ ነበር። ልጆችዎ በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ ጥቅምት 21 ቀን ገደማ የሚውለው ሃሎዊን ከዚያ ጋር ይያያዛል። እዚያ ፍርሃቱ በጊዜ ብዛት ወደ ጭምብልና ከረሜላ ተለወጠ። እኛ ዘንድ ግን እሳቱ እንዳለ ሆኖ የሚቃጠለው ነገር ነው የተለወጠው።

የዛሬው ክምር

በአያቶቻችን ዘመን ክምሩ ቅጠል፣ ገለባና አሮጌ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ዳይፐርና የተበላሸ የፕላስቲክ ጫማ አለበት። ፕላስቲክ ደጅ ላይ ሲቃጠል እንደ ዳይኦክሲን ያሉ መርዞችና ሳንባ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ ደቃቅ ብናኞች ይወጣሉ። አስም ያለበት ሰው ወዲያው ይታፈናል፤ ሳንባቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ሕፃናትም ይበልጥ ይጎዳሉ።

የኮልፌ ነዋሪ ቆሻሻ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ነጋሪ አያሻውም። ለአሥርት ዓመታት የመዲናዋ ጥራጊ የተከመረበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ የተመረቀው ማመንጫ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የተሠራ ነው። እንዲህ ዓይነት ማመንጫ በከፍተኛ ሙቀት ያነድዳል፤ ጭሱንም አጣርቶ ያስወጣል። በር ላይ የሚለኮስ እሳት ይህን ማድረግ አይችልም።

ዘንድሮ በቤትዎ

• መጥረጉን አይተዉ፤ ልጆቹንም ያሳትፉ። የውሃ መውረጃ ቱቦዎችን ይክፈቱ፣ ያቆረ ውሃ ይድፉ።

• ፌስታሉንና ፕላስቲኩን ይለዩ። ጠርሙስና ቆርቆሮውን ለቆራሌው፣ የቀረውን ለሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይስጡ።

• ቅጠሉንና ሣሩን ግቢ ካለዎት ቀብረው ማዳበሪያ ያድርጉት፤ ለጎመንዎ ይጠቅማል።

• የበዓሉን ጭስ ካልተዉት፣ ጥቂት ወይራ ወይም ዕጣን በማጨሻ ይበቃል። መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይቅር።

• በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ከጎረቤቶችዎ ጋር ደረጃውንና ግቢውን የምታጸዱበት ቀን አድርጉት።

ማታ ቡና ሲፈላ ለልጆቹ የ1911ዱን ታሪክ ይንገሯቸው። እነዚያ ሰዎች ያጠኑት የተረፈ ቤተሰባቸውን ከበሽታ ለማዳን እንደነበረ ሲሰሙ፣ እርስዎም ፌስታሉን ከክምሩ ለምን እንዳወጡት ይገባቸዋል።