ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ዝግጅት፤ በጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች

እንደሚታወቀው፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን የሁለተኛ ደረጃውን ለእንግሊዝኛ ተወው። ከዚህ የተነሣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በሽኒሌ ለብዙ ዓመታት ተማሪው ሳይንስን እስከ 8ኛ ክፍል በሶማልኛ ተምሮ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም በአንድ ክረምት ልዩነት በእንግሊዝኛ ሲቀበል ኖሯል። በካትሊን ሂዩና በባልደረቦቻቸው ተጠንቶ በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው ጥናት፣ ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለሳይንስና ለሒሳብ ውጤት እንደሚበጅ አሳይቷል። ስለዚህ አቃቂሩ በሶማልኛው ላይ ሊወጣ አይገባም። አሳሳቢው በመሻገሪያው ላይ የሚቆመው መምህር ዝግጅት ነው።

ችግሩ በሌላም አገር ታይቷል። የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር በ2001 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑትን በውጭ ቋንቋ፣ በተለይም በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ ባሳሰበ ጊዜ፣ ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ምሁራን ሳይቀሩ ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ተልከዋል። ይሁን እንጂ የእነርሱን መንገድ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። የቻይናው መምህር ቃል ቢያጥረው ከተማሪዎቹ ጋር ወደሚጋራው ቋንቋ ይመለሳል፤ ከሌላ ክልል ወደ ጅግጅጋ የተመደበ መምህር ግን ሶማልኛ የማያውቅ እንደ ሆነ መመለሻ የለውም።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውሃ የሚፈላባት በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ መጽሐፉ ግን 100 ይላል። ተማሪው ቴርሞሜትሩን ሲያነብ ልዩነቱን ያስተውላል። «ሄርኩል» የሚለውን ቃል፣ የሙቀት ደረጃ ማለት ነው፣ ከታች ክፍል ይዞት መጥቷል፤ «ቴምፐሬቸር» የሚለውንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሚያስቸግረው «ቢኮዝ»፣ «ዌርአዝ»፣ «አንለስ» የሚሉት ማያያዣዎች ናቸው፤ የአየር ግፊትና የመፍላት ነጥብ ዝምድና የሚነገረው በእነርሱ ነውና። ካሴልስና ጆንስተን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በብሪታንያ ተማሪዎች ዘንድ እንኳ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የሚገቡ ተራ ቃላት ትልቅ መሰናክል መሆናቸው ታይቷል። ሁሉም የሚያውቀው ቃልም ያሳስታል። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ በፊዚክስ ሕግ «ወርክ» አልሠራም ሲባል፣ በሶማልኛው «ሸቆ» አስቦ ቢስቅ አይፈረድበትም።

በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት ቴሌቪዥን የተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስለ ወሰደ ተማሪው የሚጠይቅበት፣ መምህሩም የሚያስረዳበት ጊዜ ጠበበ። (በብዛት የተነቀፈው መሣሪያው ነው፤ ጥፋቱ ግን የፍጥነቱ ነበር።)

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ለመምህራን ሥልጠና በቅርብ የሚገኝ ተቋም አለ። ሥልጠናው ግን በሰዋስው ብቻ ቢወሰን ፍሬ አይኖረውም። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰጠውን ትምህርት ይዞ በባልደረቦቹ ፊት ያስተምር፤ ረጃጅሞቹን ዐረፍተ ነገሮች ይከፋፍል። ሶማልኛ የማያውቀው ከሚያውቀው ጋር ተጣምሮ ቁልፍ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ያዘጋጅ፤ ሶማልኛ በ1972 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ የላቲን ፊደል ከተመረጠለት ወዲህ በርካታ የሳይንስ ቃላት ስለ ወጡለት ሥራው ከባዶ አይነሣም። ተማሪዎችም ጥያቄውን በመጀመሪያ በሶማልኛ እንዲመክሩበትና መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ ይፈቀድላቸው። ይህ ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ይዘት ላይ አስቀድመው ሊቀንሱለት ይገባል።