ወረቀቱ ሳይቀደድ፦ ምስማርና ብሎን በጂፕሰም ሰሌዳ ላይ

አንድ ሰው በጂፕሰም ሰሌዳ ላይ ምስማር ሲመታ የመጨረሻዋን ምት ጥቂት ቢያበረታት፣ የምስማሩ ራስ ወደ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ጠልቆ የገባ ምስማር የበለጠ ይይዛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስለሆነ፣ ለተመልካች ሥራው የጠነከረ ይመስላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ያ ምስማር ሰሌዳውን መያዙን ከሞላ ጎደል አቁሟል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰሌዳው ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ጂፕሰም ውሃን በውስጡ አስሮ የያዘ የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን ሲሆን፣ በአገራችን በአባይ ሸለቆ ወፍራም ንብብሩ ይገኛል። ማዕድኑ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ከያዘው ውሃ አብዛኛውን ይለቅና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲቦካ ደግሞ ዳግም ይጠነክራል። አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት ወረቀትንና ጂፕሰምን ደራርቦ ለሠራው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት አገኘ። የዛሬው ሰሌዳ በሁለት ወረቀቶች መካከል የረጋ አንድ የጂፕሰም ልብ አለው።

ይህ ልብ እንደ ጠመኔ ነው። ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። የመሳብን ኃይል የሚሸከመው ወረቀቱ ነው። የምስማሩ ራስም የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ ሲሆን፣ ወረቀቱ ጫናውን በዙሪያው ወዳለው ጂፕሰም ያከፋፍላል። ወረቀቱ ሲቀደድ ራሱ በደቀቀ ዱቄት ላይ ይቀመጣል።

በአሜሪካ የጥራት ደረጃ መሠረት 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ የአንድን ምስማር ራስ ግፊት ቢያንስ እስከ 343 ኒውተን መቋቋም አለበት። ይህ የ35 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ነው። ለኮርኒስ የሚሰቀል፣ 25 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሰሌዳ በ35 ብሎኖች ቢታሰር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። አንባቢ «ታዲያ ምን ያሳስባል?» ሊል ይችላል። የሚያሳስበው ስሌቱ ወረቀቱ ያልተቀደደበትን ሰሌዳ የሚመለከት መሆኑ ነው። ማሽኑ በስሕተት ተስተካክሎ ከሆነ የሚቀድደው አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው። በዚያ ላይ ከጣሪያ የሚፈስ ውሃ ሰሌዳውን ያከብደዋል፤ ወረቀቱንም ያደክመዋል። ጉዳዩ ከእሳት ጋርም ይያያዛል። በጂፕሰሙ ውስጥ የታሰረው ውሃ እንፋሎት እየሆነ የእሳቱን ግስጋሴ የሚያዘገየው ሰሌዳው ከቦታው እስካልወደቀ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላውን ወረቀት ሳይበጥስ፣ ራሱን ከሰሌዳው ገጽ በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ መቆም አለበት። በመዶሻ የሚሠራ ባለሙያ ይህን የሚያደርገው ፊቱ በጥቂቱ ጎበጥ ባለ መዶሻ ነው። የመጨረሻዋ ምት ወረቀቱን ሳትቀድ ትንሽ ጎድጓዳ ትሠራለች፤ ጎድጓዳዋም ኋላ በስቱኮ ትሞላለች።

በተጨመቀ አየር የሚሠራው የምስማር መምቻ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ፍርድ የለውም። 7 ባር ያህል ግፊት ያለው አየር ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ምስማሩን በአንድ ምት ይከታል። በማሽኑ አፍንጫ ላይ ጥልቀት መወሰኛ ቢኖርም፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ማሽኑ ወደ ኋላ ስለሚረግጥ አፍንጫው ከሰሌዳው ሊነሣ ይችላል። እንጨቱ አንድ ቦታ ለስላሳ፣ ሌላ ቦታ ጉጥ ያለበት ነው። ሰሌዳው ከእንጨቱ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ምስማሩ ክፍተቱን አይዘጋውም፤ ወረቀቱን በስቶ ያልፋል። (ባለሙያዎች ከመምታታቸው በፊት ሰሌዳውን በእጃቸው አጥብቀው የሚጫኑት ስለዚህ ነው።) ሁለት ሞራሌ ለማያያዝ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይደለም። እዚህ ግን ሁሉ ነገር ነው።

በእኔ አስተያየት ችግሩን በእውነት የፈታው ለዚሁ ሥራ የተሠራው የብሎን ማሰሪያ ማሽን ነው። ማሽኑ በደቂቃ 4,000 ያህል ዙር ይዞራል። በአንድ ዙር 3 ሚሊ ሜትር የሚገባ፣ 32 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን በ11 ዙር ገደማ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። በዚህ ፍጥነት የወረቀቱ ውፍረት የሚታለፈው በሁለት ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይናችን አይቶ እጃችን እስኪታዘዝ ድረስ ግን ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማቆሙን ለሰው መተው አይቻልም።

መፍትሔው የሚደነቅ ነው። በማሽኑ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክፍሎች በሞላ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሠራተኛው ብሎኑን በሰሌዳው ላይ ሲጫን ሞላው ይታመቃል፤ ጥርሶቹ ይነካከሳሉ፤ ብሎኑም ይዞራል። ብሎኑ እየገባ ሄዶ የማሽኑ አፍንጫ ሰሌዳውን ሲነካ፣ የእጁ ግፊት ከብሎኑ ወደ አፍንጫው ይዛወራል። ያን ጊዜ ሞላው ጥርሶቹን ያለያያቸዋል፤ ሞተሩ እየዞረ ብሎኑ ይቆማል። ተራው የባትሪ ድሪልም ፍሪሲዮን አለው፤ የእርሱ ግን የመጠምዘዝን ኃይል እንጂ ጥልቀትን አይለካም። እንጨቱ ሲለሰልስ ይሳሳታል።

ምስማር ከዚህ ሌላ ደካማ ጎን አለው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም። የእንጨቱ ገጽ ከሰሌዳው ይሸሻል፤ ኋላም አንድ ሰው ግድግዳውን ሲደገፍ ራሱ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ረጅም ምስማር ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

በአዲስ አበባ ሕንፃዎች እንደምናየው ሰሌዳው በስስ የብረት ፍሬም ላይ ሲታሰር ደግሞ የምስማር ነገር ጨርሶ አይነሣም። ምስማር የሚይዘው እንጨቱ ግንዱን ጨምቆ በሚፈጥረው ሰበቃ ሲሆን፣ ስስ ብረት ይህን ሊያደርግ አይችልም። እዚያ የሚያስፈልገው ጥርሱ የደቀቀ ብሎን ነው።

ወረቀቱን የቀደደ ብሎን ወይም ምስማር ካጋጠመ የሚበጀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሌላ መጨመር ነው። የቀሩት በትክክል መግባታቸውን ለማወቅ ከስቱኮ በፊት ስፓቱላ በላያቸው ማሳለፍ ይበቃል። ብረት ብረትን ነክቶ «ጠቅ» ካለ ራሱ ገና አልገባም።