በዳኞች ፊት ስለሚቀርቡ የተማሪዎች የሙዚቃ ጓዶች

አንድ ተማሪ በሹማምንትና በወላጆች ፊት ቆሞ የተማረውን ሲያሳይ የሚሰማው ሁሉ ደስ ይለዋል። የትምህርት ሥራ የተሰጠው ሰው ግን ከደስታው ቀጥሎ፣ ልጁ ያሳየን ዕውቀቱን ነው ወይስ ለዚያች ቀን ብቻ ያጠናውን? ብሎ መመርመር ይገባዋል። ለዚህ ምርመራ በአሜሪካ አገር በየዓመቱ የሚደረገው የተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ፈተና የሚጠቅም ምሳሌ ሆኖ ስላገኘነው ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፋለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዚያ አገር በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 ዓመት የሚደርስ ልጆች፣ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ቱባ የመሳሰሉትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ከከበሮ ጋራ በጓድ ሆነው ይማራሉ። የጸደይ ወራት ሲደርስም አስተማሪያቸው እየመራቸው በዳኞች ፊት ይቀርባሉ። ልማዱ የቆየ ነው። በ1923 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ አገር አቀፍ የተባለው የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ 30 ጓዶች ተሰብስበው፣ የኦሃዮ ግዛት የፎስቶሪያ ከተማ ተማሪዎች አንደኛ ወጡ። ወጪውን የቻሉት የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ነበሩ፤ ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ ያሰበው ነገር ለትምህርት ፍሬ ማፍራቱ ያስገርማል። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ጓድን ከጓድ ማበላለጥ እየቀረ፣ እያንዳንዱን በተወሰነ ልክ መመዘን ተለመደ። በዚህ ሥርዓት ማዕረጉ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ሲሆን፣ በደንብ የተጫወቱት ሁሉ አንደኛውን ማዕረግ ሊያገኙ ይችላሉ። የጎረቤቱን ውድቀት የሚመኝ ልጅ እንዳይኖር ስላደረገ ይህ ለውጥ እጅግ የሚመሰገን ነው።

ሆኖም አንድ ክፉ ነገር አልጠፋም። የአስተማሪው ስም በማዕረጉ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ አንዳንዱ አስተማሪ ለፈተናው የመረጣቸውን ሁለት ወይም ሦስት ዜማዎች ብቻ ይዞ ወራቱን ሁሉ ይፈጃል። ልጆቹም ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ከመልመድ በቀር ኖታውን አያነቡም። ከዚህም የሚብሰው፣ ደካማው ልጅ ከባድ ስፍራ ላይ ሲደርስ መሣሪያውን አፉ ላይ አድርጎ ዝም እንዲል የሚታዘዝ መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት የተገኘ ማዕረግ ለአስተማሪው ጌጥ ይሁነው እንጂ ለዚያ ልጅ ምን ትምህርት ሆነው? በአሥራ ሁለት ዓመቱ የተማረው ማስመሰልን ነው።

በቴክሳስ ግዛት፣ በ1910 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው ፈተና ለዚህ በሽታ ግሩም መድኃኒት አለው። ጓዱ የተለማመደውን ዜማ ለሦስት ዳኞች ካሰማ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል፤ በዚያም ሦስት ሌሎች ዳኞች ይጠብቁታል። ልጆቹ ከቶ ያላዩት ዜማ ይታደላቸዋል። አስተማሪው ጽሑፉን አይቶ እንዲያስረዳቸው ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ምቱን በእጃቸው ሊመቱ ይችላሉ፤ መሣሪያቸውን ግን መንፋት አይፈቀድላቸውም። ጊዜው ሲያልቅ ጓዱ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል። ዳዊትን በቃሉ ብቻ ያጠና ልጅ ሌላ መጽሐፍ ሲገለጥለት እንዴት እንደሚደናገር የሚያውቅ አንባቢ፣ የዚህን ክፍል ፍርድ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። እኛም ከሁለቱ ፈተናዎች እውነተኛው ይህ ሁለተኛው ነው እንላለን።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከጸደይ ሳይሆን ከዓመቱ መግቢያ መጀመር አለበት። ልጆቹ በየቀኑ ጥቂት አዲስ መስመር ያንብቡ፤ ከመንፋታቸው በፊትም ምቱን እየቈጠሩ በአፋቸው ይበሉት። ዜማ ሲመረጥ ደግሞ በጓዱ ውስጥ የመጨረሻው ክላሪኔት ነፊ ሊጫወተው የሚችል መሆኑ አስቀድሞ ይታይ፤ የዜማው መዝገብ ቀላሉንም ከባዱንም የያዘ ስለሆነ ምርጫ አይታጣም።

የድምፅ ቅኝትም ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1939 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ጉባኤ፣ ላ የተባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ስምምነት ተደርጓል። ነገር ግን የትንፋሽ መሣሪያ በብርድና በሙቀት ይለዋወጣል። በውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ድምፁ የግማሽ ቃና ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። መሣሪያው ከብርድ እንደ ገባ የሚያቃኝ አስተማሪ፣ በመካከሉ ሲሞቅ ድምፁ ሲሸሽበት ልጆቹን ይቈጣል፤ ጥፋቱ ግን የልጆቹ አይደለም። ትንፋሻቸውን በረጅም ድምፅ አስረዝመው መሣሪያውን ካሞቁ በኋላ ማቃናት፣ ከዚያም እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ ማስተማር ይገባል። ቅኝቱን የሚያሳይ መሣሪያ ለልጁ ዓይን ይነግረዋል፤ ጆሮውን ግን አይተካለትም።

ዳኞቹ የሚጽፉትና በድምፅ መቅጃ የሚናገሩት አስተያየት ለአስተማሪው ይደርሰዋል። ይህ ቃል በማግስቱ ለልጆቹ እንዲሰማ፣ የተነቀፈውም ስፍራ ተመልሶ እንዲጠና ማድረግ ከሽልማቱ ሥዕል በግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቃል። ከፈተናው በኋላ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ብዙ ሳምንት ይቀራል፤ በእነዚያም ሳምንታት ዝም እንዲል የታዘዘው ልጅ ከባዱን ስፍራ ቀስ ብሎ ሊማረው ይችላል።