ሼርሎክ ሆምስ ለምን አይረሳም?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ መርማሪ ነው። ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፒፓ የሚያጨስ፣ አጉሊ መነጽር ከእጁ የማይለይ እንግሊዛዊ ነው። ስሙ ሼርሎክ ሆምስ ይባላል።

አንዳንድ ልጆች የእውነት የነበረ ሰው ይመስላቸዋል። አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው። የፈጠረው አርተር ኮናን ዶይል የሚባል ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ታሪክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። በእኛ 1880 ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረችበት ሰሞን። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚያ መጽሐፍ ዶይል የተከፈለው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ጽፎ በጠቅላላው 4 ረጃጅም እና 56 አጫጭር ታሪኮች ሆኑ። ታዲያ ያን ያህል ዘመን ያለፈው ታሪክ ዛሬም የሚነበበው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የሆምስ ችሎታ አስማት አለመሆኑ ነው። አይበርም፣ ከግድግዳ ግድግዳ አይዘልም። የሚያደርገው ማየት ብቻ ነው። ዶይል ይህን ያገኘው ኤድንበራ ከተማ ሕክምና ሲማር ካስተማረው ከዶክተር ጆሴፍ ቤል ነው። ዶክተር ቤል በሽተኛው ገና አፉን ሳይከፍት ሥራው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይነግረው ነበር አሉ።

ሆምስም ከጓደኛው ከዶክተር ዋትሰን ጋር መጀመሪያ ሲገናኙ አፍጋኒስታን እንደነበረ ያውቅበታል። እንዴት አወቀ? ሰውየው ሐኪም ይመስላል፣ ግን አቋሙ የወታደር ነው። ፊቱ ጠቁሯል፣ የእጁ አንጓ ግን ነጭ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ነው ያጠቆረው እንጂ የተፈጥሮ መልኩ አይደለም። ከስቷል፣ አንድ ክንዱም ተጎድቷል። የእንግሊዝ ወታደር ሐኪም ሞቃት አገር ሄዶ በጦርነት የሚቆስለው በዚያ ጊዜ የት ነው? አፍጋኒስታን። አያችሁ፣ ሲነገራችሁ ቀላል ነው! እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ጠመኔ የነካው እጅጌ ሳይ ዛሬ ሰሌዳ ያጠፋው ማን እንደሆነ መገመት ጀምሬያለሁ።

ሁለተኛው ነገር ታሪኩን የሚነግረን ሆምስ ሳይሆን ዋትሰን መሆኑ ነው። ዋትሰን ሞኝ አይደለም፤ ፊልሞቹ ናቸው አንዳንዴ ሞኝ የሚያስመስሉት። ሆምስ ያየውን ሁሉ እሱም ያያል፣ እኛም እናያለን፣ ግን አናስተውልም። «ሲልቨር ብሌዝ» የሚለውን ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ታዋቂ የእሽቅድምድም ፈረስ ሌሊት ከጋጣው ይጠፋል። አሠልጣኙም ሞቶ ሜዳ ላይ ይገኛል። ፖሊስ አንድ እንግዳ ሰው ይይዛል። ጋጣው ውስጥ ግን ውሻ ነበረ። ያ ውሻ ፈረሱ ሲወሰድ አልጮኸም። ሁሉም ሰው የተደረገውን ነገር ሲፈልግ ሆምስ ያልተደረገውን ነገር አሰበ። ውሻ የማይጮኸው በማን ላይ ነው? በሚያውቀው ሰው ላይ ነዋ! ፈረሱን ማን እንደወሰደው ግን እዚህ አልነግራችሁም።

ዶይል ራሱ ሆምስን ሰልችቶት ነበር። የታሪክ ልብ ወለድ መጻፍ ነበር የሚፈልገው። እናቱ አትግደለው ብላ ብትለምነውም በ1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ካለ ፏፏቴ ጥሎ ገደለው። አንባቢዎች በጣም ተናደዱ፤ ደብዳቤ የጻፉ አሉ፣ መጽሔቱን መግዛት ያቆሙ አሉ። ዶይል ዓመታት ቆይቶ በ1903 ሆምስ ለካ አልሞተም ነበር ብሎ መለሰው። ታሪኩ ውስጥ የሆምስ ቤት አድራሻ ለንደን፣ ቤከር ጎዳና፣ ቁጥር 221ቢ ነው። በኋላ በዚያ ቁጥር አካባቢ ቢሮ የነበረው ባንክ ለሆምስ የሚመጣ ደብዳቤ ስለበዛበት መልስ የሚጽፍ ሠራተኛ መድቦ ነበር። ለሌለ ሰው እኮ ነው! ጊነስ ደግሞ በ2012 ሆምስ በፊልምና በቴሌቪዥን 254 ጊዜ እንደተሠራ መዝግቧል።

እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። በክፍላችን እስክሪብቶ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የሚፈተሸው ጫማው የተቀደደው ልጅ ቦርሳ ነው። ፍንጭ የሚፈልግ የለም፣ የሚፈለገው ሰው ነው። አንዴ የጠፋው እስክሪብቶ ከባለቤቱ ደብተር መሀል ተገኘ። የተፈተሸው ልጅ ግን ሳምንት ሙሉ ማንንም አላናገረም። ሆምስ ቢኖር መጀመሪያ ደብተሩን ያየው ነበር። በታሪኮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ቸኩሎ አንዱን ይይዛል፣ ሆምስ ደግሞ ቆይ ይላል። ሰው የሚወደው ያንን «ቆይ» ይመስለኛል።

ይህ ደግሞ በልብ ወለድ ብቻ አልቀረም። ጆርጅ ኤዳልጂ የሚባል ወጣት ጠበቃ እንግሊዝ አገር ነበር። አባቱ የሕንድ ሰው ናቸው፤ በዚህም ምክንያት በአካባቢው የሚጠላቸው ሰው ነበር። በ1903 ሌሊት ፈረስ በስለት ጎድተሃል ተብሎ 7 ዓመት ተፈረደበት። 3 ዓመት ታስሮ ወጣ፤ ስሙ ግን አልጸዳም። ዶይል ሊያገኘው ሆቴል ሲሄድ ኤዳልጂ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ጋዜጣውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ። ዶይል የዓይን ሕክምና ተምሯል። ይህ ሰው በቀን እንኳን በደንብ አያይም፤ በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ፈረስ ሊያጠቃ እንዴት ይችላል? ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። በ1907 መንግሥት ለኤዳልጂ ምሕረት አደረገለት፤ ካሳ ግን አልሰጠውም። (ይሄ በጣም ያናድዳል።) በዚያው ዓመት እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቋቋመች። ለዚህም የኤዳልጂ ጉዳይ አንዱ ምክንያት ሆኗል።

«ሲልቨር ብሌዝ» በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አለ፤ ሽፋኑ የተገነጠለው ቀጭን መጽሐፍ ነው። አንብባችሁ ፈረሱን ማን እንደወሰደው፣ አሠልጣኙንም ማን እንደገደለው ጽፋችሁ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ስምና ክፍል መጻፍ እንዳትረሱ። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ተማሪ ስሙ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ በማይክ ይነበባል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።